የበግ አንጀትና የቁራ ላባ፦ ባሮክን ከመሣሪያው መስማት

ባሮክ ሙዚቃ መስማት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራል። ባኽ፣ ቪቫልዲ፣ ሄንደል። እኔ ከመሣሪያው ጀምሩ ባይ ነኝ። ባሮክ በሚባለው ዘመን፣ ከ1600 እስከ 1750 አካባቢ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ነገር ሆነ። ከዚያ በፊት ብዙው የመሣሪያ ሙዚቃ የዘፋኝ አጃቢ ወይ የጭፈራ ማድመቂያ ነበር። በነዚህ 150 ዓመታት ግን ቃል የሌለው ሙዚቃ ራሱን ችሎ ቆመ። ሶናታ፣ ኮንሰርቶ፣ ስዊት፣ ፊውግ የምንላቸው የድርሰት ዓይነቶች ወይ ያኔ ተወለዱ፣ ወይ ያኔ ጎለመሱ። ደራሲዎቹ የሚጽፉት እጃቸው ላይ ላለው መሣሪያ ነበር። የሚችለውንም የማይችለውንም አብጠርጥረው ያውቃሉ። እንዲያውም የዚህ ሙዚቃ ውበት ግማሹ የመጣው መሣሪያው ከማይችለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የምኖረው ጀርመን፣ ላይፕዚግ ነው። ባኽ ከ1723 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የሠራባት ከተማ ናት። ሥራ በማልገባባቸው ጠዋቶች የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም እሄዳለሁ። ዮሃኒስፕላትዝ የሚባል አደባባይ ላይ፣ ግራሲ በሚሉት ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ባኽ በ1750 ሲሞት የተቀበረው እዚያው አካባቢ፣ በቅዱስ ዮሐንስ መካነ መቃብር ነበር። አሁን ወዳለበት ወደ ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን አፅሙ የተዛወረው በ1950 ነው።

ከክሩ ልነሳ። የዚያ ዘመን ቫዮሊን፣ ቼሎና ቪዮላ ዳ ጋምባ (ቼሎ የሚመስል ባለ ደጋን መሣሪያ) ክራቸው ከበግ አንጀት ነበር የሚሠራው። አንጀቱ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይገመዳል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የበገና አሥሩ አውታሮችም በባህሉ ከአንጀት ነው የሚሠሩት። አጎቴ በገና ይደረድራል። አንድ ምሽት በስልክ የጋምባ ቅጂ አሰማሁት። ምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

«ስሚኝማ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የሚጫወተው በጅማት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ፣ የበግ አንጀት ነው።»

«ታዲያስ! ብረት ቢሆን ይጮህ ነበር።»

እውነቱን ነው። የዛሬ ቫዮሊን ክር ባብዛኛው ብረት ወይም ሰው ሠራሽ ነው። ድምፁ ወዲያው ይወጣል፣ ትልቅ አዳራሽ ይሞላል። የአንጀት ክር ግን ሲጀምር ትንሽ ይሻክራል። ደጋኑ ክሩን ይዞ የሚለቅባት ቅጽበት ለብቻዋ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የሚከፈተው። የአየሩ እርጥበትና ሙቀትም ቶሎ ቅኝቱን ያዛባዋል። ለዚህ ነው የባሮክ ኦርኬስትራ በየመሃሉ ቆም እያለ ሲቃኝ የምታዩት። እኔ እነዚያን ደቂቃዎችም እወዳቸዋለሁ። መሣሪያው ሕይወት ካለው ነገር እንደተሠራ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቫዮሊኑ ራሱም ሌላ ነበር። አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1737 እስኪሞት ድረስ ክሬሞና ውስጥ የሠራቸው ቫዮሊኖች ዛሬ በሚሊዮን ዶላሮች ይሸጣሉ። ግን አብዛኞቹ ዛሬ ያላቸው አንገት እሱ የገጠመላቸው አይደለም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አንገታቸው እንዲረዝምና ወደ ኋላ እንዲያጋድል ተደርጎ ተቀይሯል። ክሩ ይበልጥ እንዲወጠር፣ ድምፁም እንዲጎላ ተብሎ ነው። የአገጭ መደገፊያውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። የባሮክ ደጋን ደግሞ አጠር ያለና ወደ ውጭ የጎበጠ ነበር። ጫፉ ላይ ሲደርስ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሐረግ በራሱ ጊዜ ይተነፍሳል። የአርካንጄሎ ኮሬሊን የቫዮሊን ሶናታዎች (ሮም፣ 1700) መጀመሪያ በዘመናዊ ቫዮሊን፣ ቀጥሎ በባሮክ ቫዮሊን ብትሰሙ ልዩነቱን ማንም ሳይነግራችሁ ትለዩታላችሁ።

ስለ ክር ካወራሁ ሃይንሪኽ ቢበርን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ቢበር ሳልዝበርግ ውስጥ በ1676 አካባቢ 15 የቫዮሊን ሶናታዎች ጻፈ። ከብስራት ጀምሮ እመቤታችን የክብር ዘውድ እስከምትቀዳጅበት ድረስ ያለውን ታሪክ ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ቫዮሊን ብቻውን የሚጫወተው ፓሳካሊያ ጨመረበት። ከመጀመሪያው ሶናታና ከፓሳካሊያው በቀር ሌሎቹ ሁሉ ቫዮሊኑ እንደ አዲስ እንዲቃኝ ያዛሉ፣ እያንዳንዳቸው በተለየ ቅኝት። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲቃኝ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ግን ቢበር የፈለገው የድምፆቹን ከፍታ ብቻ አይደለም። ክሩ ሲላላ የእንጨቱ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ሲወጠር ይበራል። ስለ ሕማማቱ ሲጽፍና ስለ ደስታው ሲጽፍ ቫዮሊኑ አንድ ቫዮሊን አይመስልም።

11ኛው የትንሣኤው ሶናታ ነው። እዚህ ላይ መሃል ያሉት ሁለቱ ክሮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ከበርኩማው ኋላና ከአናቱ በኩል ክሮቹ ተሻግረው መስቀል ይሠራሉ። አዳራሹ ውስጥ ከሩቅ የተቀመጠ ሰው ይህን አያየውም። ተጫዋቹ ግን ኖታው ላይ አንድ ድምፅ ያነባል፣ ጆሮው ሌላ ይሰማል። ጣቱን ኖታው ባዘዘው ቦታ ማሳረፍና ማመን ነው ያለው። እኔ በበገና መዝሙር ላደግሁት ልጅ ከባሮክ ሙዚቃ ሁሉ ቀርቦ የነካኝ ይህ ነው።

ወደ ሃርፕሲኮርድ ልሂድ። ከፒያኖ በፊት የነበረው ትልቁ ባለ ቁልፍ የቤት መሣሪያ እሱ ነው። አንድ ጠዋት ሙዚየሙ ውስጥ የምትሠራ ሴት አሠራሩን በናሙና አሳየችን። ከቁልፉ ጫፍ ላይ ጃክ የሚሉት ጠፍጣፋ፣ ቀጭን እንጨት ቆሟል። አናቱ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ምላስ አለች። ምላሷ ላይ ከላባ አገዳ የተቀረጸች ሹል ተሰክታለች። ለዚህ የቁራ ላባ ይመረጥ ነበር። ቁልፉን ሲጫኑት ጃኩ ይነሳል፣ ላባዋ የብረቱን ክር ቆንጥጣ ታልፋለች። ሲለቁት ጃኩ ይወርዳል፣ ምላሷም ወደ ኋላ ታጥፋ ክሩን ሳታስጮህ ትሾልካለች። ወደ ቦታዋ የሚመልሳት ከኋላዋ የተሰካ የአሳማ ጸጉር ነው። ጎኗ ላይ ያለች ቁራጭ ጨርቅ ደግሞ ክሩን ዝም ታሰኛለች። ይህ ሁሉ ለእያንዳንዷ ኖታ!

ችግሩ ታዲያ ምንድን ነው? ቁልፉን ቀስ አድርጋችሁም ምቱት በኃይል፣ ላባዋ የምትቆነጥጠው በአንድ መጠን ነው። በጣት ማጉላትም ማለዘብም አይቻልም ማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ሁለት ረድፍ ቁልፍና ተጨማሪ የክር ረድፎች አሏቸው። በእነሱ ድምፁን መቀየር ይቻላል፣ ግን በአንድ ጊዜ ዘሎ ነው የሚቀየረው። ድምፁ ደግሞ ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል። ብዙ ወዳጆቼ ሃርፕሲኮርድ «ይደርቅብኛል» የሚሉት ለዚህ ነው።

ግን ስሙት እስቲ። ድምፁ ስለሚሞት ደራሲዎቹ በጌጥ ሞሉት። ረጅም መሆን የሚገባው ኖታ ከጎረቤቱ ጋር እየተፈራረቀ ይርገበገባል፣ በዚያ ይቆያል። የድምፆች ስብስብ በአንድ ጊዜ ከመመታት ይልቅ አንድ በአንድ ይበተናል። ፍራንሷ ኩፕራን በ1716 ፓሪስ ውስጥ ስለ ሃርፕሲኮርድ አጨዋወት ባሳተመው መጽሐፍ የሚያስተምረው ዘዴ ደግሞ ረቂቅ ነው። አንዱን ኖታ ጥቂት አዘግይቶ መምታት፣ ሌላውን ቀደም ብሎ መልቀቅ። የቫዮሊን ደጋን ድምፁን እያሳበጠ የሚያደርገውን እሱ በጊዜ ያደርገዋል። ጆሮ የጠበቀው ድምፅ ሲዘገይ፣ ሲመጣ የጎላ ይመስለዋል። ዶሜኒኮ ስካርላቲ በበኩሉ ሌላ መንገድ አገኘ። ጉልበት ሲፈልግ ብዙ ቁልፎችን ባንዴ ይሰበስባል፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩትን ሳይቀር። ስፔን ቤተ መንግሥት ውስጥ ኋላ ንግሥት ለሆነችው ለማሪያ ባርባራ የሠራቸው ከ500 በላይ ሶናታዎች በዚህ ዓይነት ድፍረት የተሞሉ ናቸው።

ይህን ችግር በብልሃት የፈታው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው። ፍሎረንስ ውስጥ በ1700 አካባቢ ላባዋን አውጥቶ በመዶሻ ተካት። ፒያኖ ተወለደ። ከሠራቸው ፒያኖዎች እስከ ዛሬ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ፣ የ1726ቱ፣ እዚሁ ላይፕዚግ ሙዚየም ውስጥ ነው። ፊት ለፊቱ ስቆም ሁልጊዜ ስለ ጌጦቹ አስባለሁ። መዶሻው ሲመጣ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ሥራ ፈቱ።

ሃርፕሲኮርድ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ግን በአጃቢነት ነው። የባሮክ ሙዚቃ ከሥር የማያቋርጥ የባስ መስመር አለው። ቼሎ ወይም ጋምባ መስመሩን ይጫወታል። የሃርፕሲኮርዱ ሰው ያንኑ መስመር በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁ የሚጨምረውን ከራሱ ያፈልቃል። ኖታው ላይ የሚያገኘው ከባሱ ሥር ወይም ላይ የተጻፉ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። 6፣ 7፣ 4 ከ3። ቁጥሮቹ ምን ዓይነት ድምፆች እንደሚስማሙ ይናገራሉ፣ እንዴት እንደሚሰሙ ግን ለተጫዋቹ ይተዋሉ። ትሪዮ ሶናታ «የሦስት» ተብሎ አራት ሰው የሚጫወተውም ለዚህ ነው። ሁለት ዜማና አንድ ባስ፣ ባሱን ግን ሁለት ሰው ይካፈለዋል። ቀጣይ ጊዜ ስትሰሙ ዜማውን ተዉትና ያንን ቀኝ እጅ ተከተሉት። ያ ሰው እዚያው ላይ እየፈጠረ ነው።

ስዊት ደግሞ የጭፈራ ዓይነቶች ስብስብ ነው። አለማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ዢግ። ከሁሉም የሳራባንድ ታሪክ ይገርመኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔንና በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ፈጣንና ነውረኛ የተባለ ዘፈንና ጭፈራ ነበር። በ1583 ስፔን ከለከለችው። ፈረንሳይና ጀርመን ሲደርስ ረጋ አለ፣ ከበደ፣ ከስዊቱ ሁሉ በጣም የሚያሳዝነው ክፍል ሆነ። ባኽ በ1720 አካባቢ ለቼሎ ብቻ ከጻፋቸው ስድስት ስዊቶች ውስጥ የአምስተኛውን ሳራባንድ ስሙ። ቼሎ ብቻውን ሲሆን ብዙ ድምፆችን አንድ ላይ ይዞ መቆየት አይችልም። ባኽ እዚህ ጭራሽ አንድም ቦታ ሁለት ድምፅ አብሮ እንዲሰማ አላደረገም። ነጠላ ኖታ፣ ነጠላ ኖታ። ግን ከታች አንዱን ነክቶ ወደ ላይ ሲዘል የታችኛው ጆሯችሁ ውስጥ ይቀራል። የጎደለውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

በባኽ እጅ የተጻፈው የነዚህ ስዊቶች ኖታ ጠፍቷል። የተረፈልን ዋናው ቅጂ ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው። እሷ ባትገለብጠው ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብም አልፈልግ።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ልቤ የሚያዝንለት ቪዮላ ዳ ጋምባ ነው። ቼሎ ይመስላል፣ ግን ስድስት ወይም ሰባት ክር አለው። አንገቱ ላይ ከአንጀት የታሰሩ ፍሬቶች (የጣት ቦታ የሚለዩ ቀለበቶች) አሉት። በእግሮች መሃል ይያዛል፣ ደጋኑም መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚያዘው። ድምፁ ከቼሎ ይሳሳል። የፈረንሳይ ነገሥታት ቤት ታላቁ የጋምባ ሰው ማረን ማሬ ነበር። የጫማ ሠሪ ልጅ ነው። በ1725 ባሳተመው አምስተኛ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ጉድ የሚያሰኝ ቁራጭ አለ። የፊኛ ጠጠር ለማውጣት የሚደረግ ቀዶ ጥገናን ይተርካል። ያኔ ማደንዘዣ የለም! ከኖታው ጋር የሚሆነው ነገር በየመሃሉ በጽሑፍ ሰፍሯል። በሽተኛው መሣሪያውን ያያል፣ ይንቀጠቀጣል። ይወስንና መሣሪያው ላይ ይወጣል። እጅና እግሩን ያስሩታል። ይቆረጣል። መቆንጠጫው ይገባል። ጠጠሩ ይወጣል፣ ድምፁ ይዘጋል፣ ደሙ ይፈሳል። ከዚያ ተፈቶ ወደ አልጋው ይወሰዳል። ጋምባው ደግሞ መንቀጥቀጡን ይንቀጠቀጣል፣ ሲጎተት ይጎተታል። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከአልጋ የመነሳት ደስታ ነው፣ ጭፈራ! የጋምባ ስስ ድምፅ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል። ድምፁ ሊዘጋ የደረሰ ሰውን ትልቅ ድምፅ ሊተርክ አይችልም።

ጋምባ ብዙ አልቆየም። በ1740 ኡቤር ለ ብላን የሚባል ፈረንሳዊ የጋምባ ወዳጅ ቫዮሊንና ቼሎን እየከሰሰ ሙሉ መከላከያ ጽፎ አሳተመ። ክርክሩን ግን አዳራሾች ወሰኑት። አዳራሽ ሲሰፋ ድምፁ የጎላው አሸነፈ።

ትራምፔቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የዚያ ዘመን ትራምፔት ቫልቭ (በጣት የሚጫኑት የድምፅ መቀየሪያ) የለውም፣ የተጠማዘዘ ቱቦ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በከንፈርና በትንፋሽ ነው። ከታች ያሉት ድምፆች የተራራቁ ናቸው፣ ዜማ የሚሆኑት በጣም ከፍ ሲባል ብቻ ነው። ባኽ ለትራምፔት ሲጽፍ ያ ሁሉ ከፍታ ለታይታ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ዜማ የለም። እዚህ ከተማ ያን የሚችልለት ጎትፍሪድ ራይኸ ነበር። በጥቅምት 1734 ለንጉሡ ክብር ማታ በችቦ ብርሃን ደጅ ላይ ተጫወተ። በማግስቱ ሞተ። የችቦው ጭስና ልፋቱ ጎድቶታል ተባለ።

ቬኒስ ውስጥ ደግሞ አንቶኒዮ ቪቫልዲ አለ፣ ቀይ ጸጉሩ ቄስ። በ1703 ፒዬታ በሚባለው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የቫዮሊን አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ሙዚቃ የሚማሩት ልጃገረዶች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከፍርግርግ ጀርባ ሆነው ይጫወታሉ፣ ከመላው አውሮፓ የመጣ እንግዳ ሊሰማቸው ይቀመጣል። ቪቫልዲ ከ500 በላይ ኮንሰርቶዎች ጻፈ። ለባሶን (ወፍራም ድምፅ ላለው የትንፋሽ መሣሪያ) ብቻ ከ35 በላይ። ለማንዶሊን፣ ለቼሎ፣ ለቪዮላ ዳሞሬም አለው። የሱ ኮንሰርቶ አካሄድ ለኛ ጆሮ አይከብድም። ሁሉም አብረው አዝማቹን ይጫወታሉ፣ ብቸኛዋ ትወጣና የራሷን ታወራለች፣ አዝማቹ ይመለሳል። ስም እንኳ በወጉ ያልተሰጣቸው ልጆች አንድ በአንድ ተነስተው ብቻቸውን የሚሰሙበት ሙዚቃ ነው።

ባኽ ቪቫልዲን ኖታ በኖታ ነው ያጠናው። በወጣትነቱ ኮንሰርቶዎቹን ለኦርጋንና ለሃርፕሲኮርድ ቀይሮ ጽፏል። ትምህርቱ የሚታየው በመጋቢት 1721 ለብራንደንቡርግ መስፍን ባበረከታቸው ስድስት ኮንሰርቶዎች ላይ ነው። ያኔ የሚሠራው ኮተን ከተማ፣ ጋምባ ለሚጫወተው ለልዑል ሌኦፖልድ ነበር። ስድስተኛው ውስጥ ቫዮሊን የሚባል የለም። ሁልጊዜ መሃል ተደብቀው የሚኖሩት ሁለት ቪዮላዎች (ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቁ፣ ከጋምባ የተለዩ) ከፊት ይሮጣሉ፣ የመኳንንቱ ጋምባዎች ቀለል ያለ አጃቢ ይዘው ይከተላሉ። አምስተኛው ውስጥ ደግሞ ሃርፕሲኮርዱ እንደ ልማዱ እያጀበ ይጀምራል። ቀስ በቀስ ጣልቃ ይገባል። መጨረሻ ላይ ፍሉቱም ቫዮሊኑም ዝም ይሉና ለ65 ባር (የኖታ ምድብ) ብቻውን ይቀራል። ባኽ ከሁለት ዓመት በፊት ከበርሊን አዲስ ሃርፕሲኮርድ አምጥቶ ነበር። አጃቢው እንዲህ ብቻውን ሲቆም ከዚያ በፊት ብዙም አልታየም።

ላይፕዚግ ከመጣ በኋላ ባኽ ከ1729 ጀምሮ ካታሪነን መንገድ ላይ በነበረው የሲመርማን ቡና ቤት የሙዚቀኞች ቡድን ይመራ ነበር። በክረምት ዓርብ ማታ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቡና ቤቱ በ1943 በአየር ድብደባ ወድሟል። ባኽ በዚያ ዘመን ከቪቫልዲ የ1711 ስብስብ ውስጥ የአራት ቫዮሊኑን ኮንሰርቶ ወስዶ ለአራት ሃርፕሲኮርድ ቀየረው። መሃለኛውን ዝግተኛ ክፍል ስሙት። አራቱም አንዱን የድምፅ ስብስብ ይበትናሉ፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ አበታተን ነው። በቫዮሊኖቹ አራቱን ደጋኖች አንድ በአንድ መለየት ትችላላችሁ። በሃርፕሲኮርዶቹ ግን ማን የቱን እንደያዘ ይጠፋል፣ አየሩ በሙሉ የላባ ቁንጥጫ ይሆናል። የቪቫልዲውን አስቀድማችሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ስሟቸው።